ሳያዩ ስለ መግዛት፤ ከመኪና ነጋዴ ጋር ክርክር ለገጠመው ሰው የሚኾን ትምህርት

በገበያ በሬ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥርሱን ያያል፤ ጀርባውን ይዳብሳል፤ ወዲያና ወዲህ አስነድቶ አካሄዱን ይመለከታል፤ ሻጩንም ፊት ለፊት እያየ ይጠይቀዋል። ይህን ኹሉ አድርጎም ተታልሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። በዛሬው ዘመን ግን ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፥ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘውን፥ ምናልባትም በዕድሜ ከራሱ የምትበልጠውን መኪና፥ በእጁ ሳይዳስሳትና የሞተርዋን ድምፅ በጆሮው ሳይሰማ፥ በኢንተርኔት ፎቶግራፍዋን ብቻ አይቶ ይገዛታል።

ይህ ንግድ በአሜሪካ አገር እጅግ ሰፍቷል። በዚያ ክላሲክ የሚባሉትን የቆዩ መኪናዎች ብቻ እየሰበሰቡ የሚሸጡ፥ ሰፊ አዳራሽ ያላቸው ነጋዴዎች አሉ፤ ከገዢዎቻቸውም ብዙዎቹ በሌላ ግዛት የሚኖሩ ናቸው። በዚያ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከልም አባቱ ወይም ጎረቤቱ በአዲስ አበባ ይነዳት የነበረችውን ቮልስዋገን እያስታወሰ፥ ገንዘብ በእጁ በገባ ጊዜ እንዲህ ያለችውን መኪና የሚፈልግ ይገኛል። በዚህ ምኞት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ናፍቆት ጥሩ መርማሪ አይደለም። እኛም ይህን የምንጽፈው መኪና ግዙ ወይም አትግዙ ለማለት አይደለም። ክርክር በተነሣ ጊዜ ከተከራካሪዎቹ እያንዳንዱ ራሱን ብቻ የተበደለ አድርጎ ስለሚያይ፥ እውነት ከኹለቱም ወገን እንዴት እንደምትጠፋ ለማሳየት ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲኾን አንድ ሰው እንዳለ አድርገን እናስብ። ይህ ሰው በሜሪላንድ ግዛት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነው እንበል። በሌላ ግዛት የሚገኝ አንድ ነጋዴ አንዲት ቮልስዋገን በ18,000 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቀ። በማስታወቂያውም፥ የ1967 ሞዴል ናት፤ ወለልዋ ዝገት ያልነካው የፋብሪካ ወለል ነው፤ ለመንዳት እጅግ ደስ ታሰኛለች፤ በአገሩ ኹሉ እንደ እርስዋ ያለች አትገኝም፥ ብሎ ጻፈ። (ዓመታቱን ኹሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የእኛ ሰው ደግሞ 240ዲ የምትባል አሮጌ የናፍጣ መርሴዲስ አለችው። ነጋዴው መርሴዲሲቱን በ6,000 ዶላር ገምቶ ሊወስድ፥ ሰውዬውም 12,000 ዶላር ሊጨምር ተስማሙ። ውሉ በኢንተርኔት ተላከ፤ ተፈረመም፤ መኪናይቱም በትልቅ የጭነት መኪና ተጭና ደረሰች።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ሰውዬው የኋላውን መቀመጫ ባነሣ ጊዜ ኹለት ነገር አየ። የዚህች መኪና ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ ነው፤ ከባትሪው የሚፈሰው አሲድም ወለሉን ይበላዋል፤ ስለዚህ ዐዋቂ ገዢ አስቀድሞ የሚያየው ያንን ስፍራ ነው። በዚያ ስፍራ ላይ ሌላ ላሜራ ተለጥፎ፥ ስቱኮ ተለቅልቆ፥ ጥቍር ቀለም ተቀብቶበት ነበር፤ በአውራ ጣቱ ቢጫነው ተሰበረ። ኹለተኛውም ይህ ነው። የሻንሲዋ ቍጥር በዚያው ከመቀመጫው ሥር፥ በወለሉ መካከል ባለው ጕብታ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ቍጥሩም የሚጀምረው በ116 ነበር። በእነዚያ ዓመታት የቮልስዋገን ፋብሪካ የሞዴሉን ዓመት በሦስተኛው አኃዝ ያመለክት ነበር፤ 115 የ1965፥ 116 የ1966፥ 117 የ1967 ማለት ነው። እንግዲህ የተገዛችው መኪና የ1966 ሞዴል ናት። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ወደ አሜሪካ ትላክ የነበረችው የ1966 ሞዴል 1300 ሞተርና የ6 ቮልት ኤሌክትሪክ ነበራት፤ የ1967ዋ ግን 1500 ሞተርና የ12 ቮልት ኤሌክትሪክ አላት። በዚህች መኪና ሞተሩም ኤሌክትሪኩም በመካከሉ ተለውጠው ስለ ነበር ነገሩ ከፎቶግራፍ ሊታወቅ አልቻለም።

ሰውዬው ተቈጣ። በዚያች ሌሊት የነጋዴውን ስም ጠርቶ፥ ይህ ሌባ ነው፥ ብሎ በኢንተርኔት ሊጽፍ ጀመረ። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ እዚህ ላይ እንቁምና ነገሩን እንመርምር።

የተበደለ ሰው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው፥ የተነገረው ነገር የትኛው ነው፥ እርሱ ራሱ በልቡ የጨመረውስ የትኛው ነው፥ የሚለውን ነው። በአሜሪካ ስለ ዕቃ ሽያጭ የሚያዝዘው ሕግ ዩኒፎርም ኮሜርሻል ኮድ የሚባለው የንግድ ሕግ ኹለተኛ ክፍል ነው፤ ከሉዊዚያና በቀር ግዛቶቹ ኹሉ ተቀብለውታል። በዚህ ሕግ ሻጭ ስለ ዕቃው እርግጠኛ አድርጎ የተናገረው ነገር ለስምምነቱ መሠረት ከኾነ ዋስትና ኾኖ ይቈጠርበታል፤ ዋስትና የሚለውን ቃል በአፉ ባይጠራም፥ ዋስ ልኹን ብሎ በልቡ ባያስብም እንኳ። ነገር ግን ዕቃውን ማመስገንና የራስን አሳብ መግለጥ ብቻ ዋስትና አይደለም። እንግዲህ «ለመንዳት ደስ ታሰኛለች» እና «እንደ እርስዋ ያለች አትገኝም» የሚሉት የገበያ ውዳሴ ናቸው፤ በእነዚህ ታልያለሁ ብሎ የሚከራከር ሰው በዳኛ ፊት ያፍራል። «የ1967 ሞዴል» እና «ዝገት ያልነካው የፋብሪካ ወለል» የሚሉት ግን በዐይን ታይተው፥ በእጅ ተዳስሰው፥ እውነት ወይም ሐሰት መኾናቸው የሚታወቅ ነገሮች ናቸው። ክርክሩም የሚቆመው በእነዚህ በኹለቱ ላይ ብቻ ነው። ሰውዬው ግን በልቡ፥ መኪናይቱ እንደ አዲስ ትኾናለች፥ ብሎ ጨምሮ ነበር፤ ይህን የነገረው ማንም የለም።

በውሉ ላይ «እንዳለች ተሸጣለች» የሚል ቃል ነበረበት። ገዢዎች ይህን ቃል ሲያዩ ብዙ ጊዜ ተስፋ ይቈርጣሉ፤ አንዳንድ ነጋዴዎችም ይህ ቃል አስቀድመው የተናገሩትን ኹሉ የሚሰርዝ ይመስላቸዋል። ኹለቱም ተሳስተዋል። «እንዳለች» የሚለው ቃል የሚያስቀረው፥ ሻጩ ምንም ሳይናገር ሕጉ ከራሱ የሚሰጠውን ዋስትና ነው፤ በግልጥ የተነገረውን ዋስትና ግን እንዲሁ በቀላሉ አያጠፋውም። ኾኖም ሌላ አደጋ አለ። ውሉ፥ ከዚህ ከተጻፈው በቀር በመካከላችን ሌላ ቃል የለም፥ የሚል ከኾነ፥ በስልክ የተነገረው ኹሉ ምንም እውነት ቢኾን በዳኛ ፊት ሊወድቅ ይችላል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ምሳሌያችን ለዚህ ንግድ የተነገረ ይመስላል። በአሜሪካም ከ1985 ጀምሮ በሚሠራ ደንብ፥ ያገለገሉ መኪናዎችን የሚሸጥ ነጋዴ በመኪናው መስኮት ላይ እንዲለጥፍ የታዘዘው ወረቀት ይህንኑ ለገዢው ይመክራል፤ ነጋዴው የሰጠህን ተስፋ ኹሉ በጽሑፍ እንዲያደርገው ጠይቅ፥ ይላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማስታወቂያውን ከነፎቶግራፉ ማስቀረት ይገባል፤ ማስታወቂያ መኪናው በተሸጠ ማግስት ከኢንተርኔት ሊጠፋ ይችላልና። በማስታወቂያው ውስጥ ካሉት ቃላትም ዋና ዋናዎቹን በውሉ ላይ እንዲጽፍልን ነጋዴውን መለመን ነውር አይደለም። የሚጽፍ ከኾነ መልካም ነው፤ አልጽፍም ካለ ግን እርሱም መልስ ነው። ለነጋዴው ያልተቀጠረ መካኒክ በዚያው ከተማ ፈልጎ መኪናይቱን ማስመርመርም ከ18,000 ዶላር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። መካኒኩ መቀመጫውን ያነሣል፤ ቍጥሩን ያነባል፤ ማግኔት ይዞ በላሜራው ላይ ያስኬዳል፤ ማግኔት ስቱኮ በወፈረበት ስፍራ አይያዝምና። የእኛ ሰው ይህን አላደረገም። የማይል ቆጣሪውን ግን አይቶ፥ 41,000 ብቻ ሄዳለች፥ ብሎ ተደስቶ ነበር። የዚያን ዘመን ቮልስዋገን ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ስላለው ከ99,999 በኋላ ወደ ባዶ ይመለሳል፤ 41,000 የሚያሳየው መኪና 141,000 ሄዶ ሊኾን ይችላል። ስለ ቆጣሪ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ሻጮችን የሚያስገድደው የአሜሪካ ሕግም ከ2010 ሞዴልና ከዚያ በፊት ያሉትን መኪናዎች አያካትትም። ነጋዴው ስለ ማይል ምንም ስላልተናገረ በዚህ የሚወቀስ የለም።

አሁን ወደ ቍጣው እንመለስ። ነጋዴው ሌባ ነውን? ሊኾን ይችላል። ነገር ግን ቀድሞ በአንዳንድ ስፍራ መኪና በተሠራበት ሳይኾን በተሸጠበት ዓመት ይመዘገብ ነበር፤ በ1966 ሞዴልነት ተሠርታ በመጋዘን ቆይታ በ1967 የተሸጠች መኪና በሊብሬዋ ላይ 1967 ተብላ ልትገኝ ትችላለች። ነጋዴው ሊብሬውን አምኖ የጻፈ እንደ ኾነ፥ ተሳስቷል እንጂ አልዋሸም። በአደራ የሚሸጥ ነጋዴም አለ፤ መኪናው የሌላ ሰው ኾኖ፥ እርሱ ደላላ ብቻ ኾኖ ኮሚሲዮን ይወስዳል፤ በማስታወቂያው ላይ የሚጽፈውም ባለቤቱ የነገረውን ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት፥ ሊብሬው በማን ስም ነው፥ ብሎ መጠየቅ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ለዚህ ነገር ከቮልስዋገን ይልቅ በውድ ዋጋ የሚሸጡት የአሜሪካ መኪናዎች ግልጥ ምሳሌ ይኾኑናል። ሼቭሮሌ ፋብሪካ ሼቬል የሚባለውን መኪና ኤስ ኤስ 396 በሚል ስም ብርቱ ሞተር አድርጎ ሲሸጥ፥ ከ1966 እስከ 1968 ድረስ የመኪናው ቍጥር በ138 ስለሚጀምር ማንነቱ ከቍጥሩ ይታወቅ ነበር። ከ1969 ጀምሮ ግን ኤስ ኤስ በትእዛዝ የሚጨመር ዕቃ ብቻ ስለ ኾነ ቍጥሩ ምንም አይናገርም፤ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ያዘጋጀው የመሥሪያ ወረቀት ወይም ሌላ የዚያን ጊዜ ሰነድ ካልተገኘ በቀር እውነተኛውን ከተመሳሳዩ መለየት እጅግ ያስቸግራል። ተራውን ሼቬል ገዝቶ የኤስ ኤስን ምልክትና ሞተር አግብቶ ለራሱ ደስታ የሚነዳ ሰው ማንንም አልበደለም። ከእርሱ የሚገዛው፥ ከዚያም የሚገዛው ሦስተኛ ሰው ግን ነገሩን ላያውቅ ይችላል፤ ሐሰቱም ሐሰተኛ ሳይኖረው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በዚህ መንገድ የመጣውን ስሕተት በመጨረሻው ሻጭ ላይ ብቻ ጭኖ ሌባ ማለት ትክክል አይደለም።

በዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ጥሩ ነገር ያስተምረናል። በዋስትና ለመጠየቅ ሻጩ ዐውቆ መዋሸቱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የተናገረው ነገር እንደ ቃሉ አለመገኘቱ ይበቃል። አታላይ ነው ብሎ ለመክሰስ ግን ዐውቆ መዋሸቱን ማስረዳት ያስፈልጋል። እንግዲህ ሰውዬው ነጋዴውን ሳይሳደብ መብቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ስድቡ ለጕዳዩ አንዳች አይጨምርለትም፤ ሸክሙን ግን ያከብድበታል። ገዢዎች ስለ ነጋዴ የሚጽፉትን እውነተኛ አስተያየት በውል ለመከልከል እንዳይቻል በ2016 በአሜሪካ ሕግ ወጥቷል፤ ይህም መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን እውነትን ለመናገር የተሰጠው ነጻነት ያላረጋገጡትን ለመናገር አይኾንም። ደግሞም አስቀድሞ ለነጋዴው ለብቻው ሳይነግሩ በዓለም ፊት ማዋረድ፥ በማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ስለ በደለን ሰው የተሰጠውን ሥርዐት ገልብጦ ከመጨረሻው መጀመር ነው።

ሰውዬው በማግስቱ ነገሩን ለአንድ ወዳጁ ነገረው። ወዳጁም፥ «አንተ የዋህ ነህ፤ ስለ ወለሉና ስለ ዓመቱ ብቻ ብትጽፍ ግማሹን ይሰጥህና ይዘጋሃል። ማሞቂያው አይሠራም በል፤ ካምቢዮው ይንጫጫል በል፤ በመከላከያው ላይ ያለውንም ጭረት ጨምር። ዐሥር ካልጠየቅህ አምስት አታገኝም» አለው። ይህ ምክር በገበያችን የታወቀ ስለ ኾነ ክፉ አይመስልም። ነገር ግን አንድ በአንድ እንየው። ማሞቂያው እንደማይሠራ ነጋዴው ከመሸጡ በፊት በስልክ ነግሮታል። ካምቢዮው በእውነት አይንጫጫም። ጭረቱ በመንገድ የደረሰ ሊኾን ይችላል፤ ነገር ግን መኪናይቱን ሲረከብ ሾፌሩ ባቀረበለት የጭነት ወረቀት ላይ፥ ያለ ጕዳት ተረክቤአለሁ፥ ብሎ ሳያይ ፈርሟል። ቀን እያለ በመኪናይቱ ዙሪያ ዞሮ፥ ያየውን ጕዳት በወረቀቱ ላይ ጽፎ ቢፈርም ኖሮ ከጭነት ባለቤቱ ይጠይቅ ነበር። ስንፍናውን ግን በነጋዴው ላይ ሊያስከፍል አይገባውም። እነዚህን ሦስቱን ቢጨምር ከኹለቱ እውነተኛ ነገሮች ጋር ይቀላቅላቸዋል፤ ነጋዴውም የማሞቂያውን ነገር ሐሰት መኾን ሲያይ የወለሉንም አያምነውም።

ወዳጁ ከሄደ በኋላ ግን ሰውዬው ሌላ ነገር አሰበ፤ ያም ከኹሉ የከበደው ነበር። መርሴዲሲቱን በሰጠ ጊዜ ነጋዴው፥ ስለ መኪናህ ጻፍልኝ፥ ብሎት ነበርና፥ «በማንኛውም ጊዜ ወዲያው ትነሣለች» ብሎ ጽፎለት ነበር። ሞተርዋ ግን ከማርጀትዋ የተነሣ በብርድ ጧት እምቢ ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ካልተሞከረች አትነሣም። ነጋዴው የላከው ሰው ሊያያት የመጣ ዕለት እርሱ ከአንድ ሰዓት በፊት አስነሥቶ አሙቋት ነበር። ሞተርዋ ሞቃት ስለ ነበር በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። በዚያን ጊዜ ይህ ነገር ብልሃት መስሎት ነበር፤ ለሚስቱም እየሳቀ ነግሯታል።

አሁን ግን ምን ይኾናል? ቀደም ብለን የጠቀስነው የንግድ ሕግ፥ ዋጋው በሙሉ ወይም በከፊል በዕቃ የሚከፈል ሲኾን እያንዳንዱ ወገን ለሚሰጠው ዕቃ ሻጭ ነው፥ ይላል። እንግዲህ ሰውዬው ለቮልስዋገን ገዢ ነው፤ ለመርሴዲስ ግን ሻጭ ነው፤ «ወዲያው ትነሣለች» የሚለውም ቃሉ እንደ «ዝገት ያልነካው ወለል» ያለ እርግጠኛ ነገር ነው። ኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ በአንድ ከረጢት ኹለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን የሚከለክለው ስለዚህ ነው። እንደዚያ ያለ ነጋዴ ሲገዛ በአንደኛው፥ ሲሸጥ በኹለተኛው ይመዝናል። የእኛ ሰው ድንጋይ አልያዘም፤ ነገር ግን ሲገዛ እያንዳንዱ ቃል እንዲጠበቅለት ይሻል፤ ሲሸጥ ግን ቃሉን እንደ ገበያ ጨዋታ ይቈጥረዋል። ደግሞም የነጋዴው ጥፋት ምናልባት ባለማወቅ የመጣ ነው፤ የእርሱ ግን ዐውቆ የተደረገ ነው። በዚያች ሌሊት ሌባ ብሎ ሊጽፍ ከጀመረበት ቃል ጋር ይህን ባስተያየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ፥ የራስን ጥፋት ለተከራካሪ መግለጥ ሞኝነት አይደለምን፥ ብሎ ይጠይቀን ይኾናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብትገልጥ ገንዘብ ሊቀነስብህ ይችላል፤ ይህን ልንሰውር አንወድድም። ነገር ግን ነጋዴው መርሴዲሲቱን ከተረከበ ብዙ ቀን ኾኖታል፤ የብርድ ጧትም ይመጣል። እርሱ ሲያገኘው የሚናገረው ነገር፥ አንተ አስቀድመህ ካልተናገርኸው፥ ስለ ወለሉ የጻፍኸውን እውነት ኹሉ ይዞት ይወድቃል። ትርፉን ብንተወው እንኳ፥ ስለ ወለሉ የሚጠይቀው ሰው ስለ ሞተሩ ዝም ቢል በማን ሚዛን እንደሚጠይቅ ራሱ ያውቀዋል።

ስለ አጠያየቁም ጥቂት እንናገር። ገዢ ጕድለቱን ካወቀ በኋላ በተገቢ ጊዜ ለሻጩ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል፤ ስለዚህ ሳምንትን ከሳምንት ማሳለፍ አይገባም። መኪናይቱን መልሼ ገንዘቤን ልውሰድ የሚል አሳብ ካለውም፥ ወለሉን በችኮላ ቈርጦ ማስበየድ፥ ቀለም መለወጥ፥ ዕለት ዕለት መንዳት ይህን መብት ሊያሳጣው ይችላል፤ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ መካኒክም ያየውን በጽሑፍ ይስጠው። መኪናይቱን ይዞ ካሣ ብቻ የሚጠይቅ ከኾነ ግን ልኩ፥ መኪናይቱ እንደ ተነገረላት ብትኾን የምታወጣው ዋጋና አሁን እንዳለች የምታወጣው ዋጋ ያላቸው ልዩነት ነው። ስለ ድካሜ፥ ስለ ንዴቴ፥ ስለ ሌሊቴ የሚል መለኪያ የለም። ብዙ ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ መኪና መመለስ የሚቻል ይመስላቸዋል፤ ቤት ለቤት ለሚደረግ ሽያጭ የወጣው የአሜሪካ ደንብ ግን በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ አይሠራም። በባንክ ሐዋላ የተላከ ገንዘብ በቀላሉ አይመለስም፤ ቀብዱን በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ግን በካርዱ ባንክ በኩል ለመከራከር ጥቂት በር አለው፤ ያም በር የሚከፈተው እውነት ለያዘ ሰው ነው፤ መኪናይቱን በእጁ ይዞ፥ አልደረሰችኝም፥ ብሎ ለባንክ የሚጽፍ ሰው ግን ራሱ አታላይ ይኾናል። ውሉም፥ ክርክር ቢነሣ በነጋዴው ግዛት ዳኛ ፊት ብቻ ይታያል፥ የሚል እንደ ኾነ፥ ለ3,000 ዶላር ብሎ ኹለት ጊዜ በአውሮፕላን የሚመላለስ ሰው ቢረታም ከሳሪ ነው። በደብዳቤ የሚያልቀውን በደብዳቤ መጨረስ የሚሻለው በዚህም ምክንያት ነው።

ሰውዬው የጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ሊኾን ይችላል፤

«ለተከበሩ ጌታዬ፤ ከእርስዎ የገዛኋት ቮልስዋገን በደኅና ደርሳለች። በማስታወቂያዎ ላይ የ1967 ሞዴል እንደ ኾነች፥ ወለልዋም ዝገት ያልነካው የፋብሪካ ወለል እንደ ኾነ ተጽፏል፤ ቅጁን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። የሻንሲዋ ቍጥር በ116 የሚጀምር ስለ ኾነ የ1966 ሞዴል ናት። ከባትሪው ሥር ያለው ወለልም ተበልቶ በላሜራና በስቱኮ ተሸፍኗል፤ ፎቶግራፉንና የመካኒኩን ጽሑፍ ይመልከቱ። እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አልናገርም። ወለሉን ለማሠራት 3,200 ዶላር ያስፈልጋል፤ ስለ ዓመቱ ልዩነት 1,500 ዶላር እጠይቃለሁ። ማሞቂያው እንደማይሠራ አስቀድመው ስለ ነገሩኝ ስለ እርሱ ጥያቄ የለኝም። እኔም የምገልጥልዎ ነገር አለኝ። ስለ መርሴዲሲቱ፥ በማንኛውም ጊዜ ወዲያው ትነሣለች፥ ብዬ የጻፍሁት እውነት አልነበረም፤ በብርድ ጧት ታስቸግራለች፤ የላኩት ሰው በመጣ ዕለትም አስቀድሜ አሙቄአት ነበር። ለእርስዋ የሚያስፈልገውን በእውነተኛ ዋጋ አስገምተው ከምጠይቀው ላይ ይቀንሱ።»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴ ኹሉ ወዲያው ይለሰልሳል አንልም። እንዲያውም የተሰጠውን እውነት እንደ ዱላ የሚጠቀምበት ይኖራል። የዚህ ሰው ነጋዴ ግን ዘጠኝ ቀን ዝም ብሎ፥ በዐሥረኛው ቀን መልስ ላከ እንበል። ሊብሬውን አምኜ ጻፍሁ እንጂ ቍጥሩን አላየሁም፤ ወለሉም ከእኔ በፊት የተሠራ ነው፤ መርሴዲሲቱን ደግሞ መካኒኬ ለ1,100 ዶላር ያበጃታል፥ አለ። ስለ ዓመቱ የተጠየቀውን በሙሉ ተቀበለ፤ ስለ ወለሉ ግን ከ2,400 ዶላር በላይ አልሰጥም ብሎ ተከራከረ፤ ሰውዬውም ይህን ተቀበለ። ከዚያ ላይ 1,100 ተቀንሶ 2,800 ዶላር ተከፈለው። ሰውዬው ሊያገኝ ይችል ከነበረው ይህ ያንሳል፤ ዝም ቢል ኖሮ 1,100ው ምናልባት በእጁ በቀረ ነበር። በኢንተርኔትም ላይ ስለ ነጋዴው፥ በማስታወቂያው የዓመትና የወለል ስሕተት እንደ ነበረ፥ ተጠይቆም ካሣ እንደ ከፈለ ጻፈ፤ ከዚህ የጨመረውም የቀነሰውም የለም።

አንድ ሥራ ግን ቀርቶት ነበር። በሊብሬው ላይ የተጻፈው አሁንም 1967 ነው። ወዳጁ፥ ተወው፤ ስትሸጣት ይጠቅምሃል፥ አለው። እርሱ ግን የቍጥሩን ፎቶግራፍ ይዞ ዓመቱን ለማስታረም ወደ ግዛቱ የመኪና መዝገብ ቤት ሄደ፤ ፎቶግራፉንም በኋላ ለሚገዛት ሰው እንዲኾን ከሊብሬው ጋር አኖረው።